እድሜውን፣ ገቢውን፣ ሄሞግሎቢኑን ወደ ቡድን ልክፈለው ወይስ ቁጥሩን እንዳለ ልተወው?

ደብረ ብርሃን ላይ ቴሲስ የሚሰራ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ "ዳታዬን እየው" ብሎ ሲመጣ ገና ሻዩ ሳይቀርብ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ይታወቃል፣ "እድሜን ስንት ላይ ልክፈለው?" ነው። ልክፈለው ወይስ ይቅር ያለኝን ሰው ግን አላስታውስም። መክፈሉ ቀድሞ ያለቀለት ነገር ነው፣ ከሱ በፊት የተሰሩት ቴሲሶች ቴብል ላይ 18–24፣ 25–34፣ 35ና በላይ እያሉ ስለደረደሩ እሱም መደርደር አለበት። ስለዚ አንዴ ፅፌው ልገላገል ብዬ ነው፣ አማራጮቹን እያነፃፀርን እንይ፣ የቱ መቼ ይሻላል፣ የቱ ደሞ ጭራሽ ባይነካ ይሻላል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት የወረደ ሰው ነገሩን ሳይማር ያውቀዋል። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ጃኬት እስከ አንገት ተዘግቶ ነው፣ ጉሙን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ዚፑ ይከፈታል፣ ሸዋሮቢት ላይ ጃኬቱ ጭን ላይ ነው ያለው፣ ሰዉ በከነቴራ ይሄዳል። ከ2,800 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ፣ ከ3,000 በላይ ወጥታችሁ፣ 1,300 ገደማ ላይ አረፋችሁ። ታዲያ ደጋው የቱ ጋ አለቀ? ሾፌሩን ብትጠይቁት ቆሞ የሚያሳያችሁ ቦታ የለም። አንዱ መፅሀፍ 2,300 ሜትር ላይ ነው ይላል፣ ሌላው 2,400 ይላል። ደጋና ቆላ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ ገብስ የሚዘራውና ማሽላ የሚዘራው ገበሬ ኑሯቸው ለየቅል ነው፣ ግን ብርዱ ቀስ እያለ ነው የሚለቃችሁ፣ መስመሩን ያሰመረው ሰው ነው። እኔ አማራጮቹን የማነፃፅረው በዚች አንድ ጥያቄ ነው፣ መስመሩን ማን አሰመረው? ከናንተ በፊት በቂ ምክንያት ያለው ሰው ነው፣ የናንተ ሳምፕል (የጠየቃችኋቸው ሰዎች) ነው፣ ወይስ ፒ ቫልዩው (ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ ይሆን ወይ ለማለት የሚታየው ቁጥር፣ ከ0.05 ሲያንስ ሰው ደስ የሚለው) ነው?

ከሁሉም በፊት ግን ኮቦ (ከተማውን ሳይሆን መጠይቅ የምንሞላበትን አፕ ነው)። መጠይቁ ላይ ሳጥን አታስቀምጡ። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ቁጥሩን ፃፉ። እኔ የመጀመሪያ ጥናቴን ስሰራ እስከ ጤና ጣቢያ ያለውን የእግር መንገድ "ከ30 ደቂቃ በታች" እና "30 ደቂቃና በላይ" ብዬ ሁለት ሳጥን አድርጌ ወጣሁ፣ መንዝ ላይ ያለውን ገደል እያወቅኩት ማለት ነው። ሰላሳ አምስት ደቂቃ የተራመደችውም፣ ከወንዝ ዳር ሶስት ሰዓት ሽቅብ ወጥታ የመጣችውም አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ዳታው ሲያልቅ አድቫይዘሬ "እስቲ አንድ ሰዓት ላይ ክፈለው" አሉኝ፣ ከምኑ ልክፈለው? ሳጥን እንጂ ደቂቃ የለኝም። ተመልሼ ልጠይቅ ብል የት አገኛቸዋለሁ። ቁጥር ካላችሁ በፈለጋችሁት ሰዓት ቡድን ታደርጉታላችሁ፣ ቡድን ካላችሁ ግን ወደ ቁጥር መመለሻ መንገድ የለም። ሚስጥር የሚመስላቸው እንደ ገቢ አይነት ጥያቄ ላይ ብቻ፣ ሰዉ ቁጥሩን አልናገርም ካለ፣ ሳጥን ብታስቀምጡ ይገባኛል።

እሺ ዳታው ቁጥር ሆኖ መጣ እንበል። የመጀመሪያው አማራጭ ምንም አለመክፈል ነው፣ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይሄን ነው። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (አለ ወይስ የለም የሚል ውጤትን ከምክንያቶቹ ጋር የሚያገናኘው ስሌት) እኮ እድሜን እንደ ቁጥር ይቀበላል፣ ብዙ ሰው ቴብሉ ላይ ኦድስ ሬሺዮ (እድሉ በስንት እጥፍ እንደሚለያይ የሚያሳየው ቁጥር፣ 1 ከሆነ ልዩነት የለም) ለማውጣት የግድ ካቴጎሪ መሆን ያለበት ይመስለዋል፣ አይደለም። "ኦድሱ 1.03 ብቻ ሆነብኝ፣ ምንም የለውም" ብለው የሚመጡ አሉ፣ ያ እኮ ለአንድ ዓመት ጭማሪ ነው። እድሜውን ለ10 አካፍላችሁ አስገቡት፣ ለአስር ዓመት 1.34 ይሆናል፣ ያው አንድ ነገር ነው ግን አሁን ሰው ይገባዋል። መሬትም እንደዛው፣ በሄክታር ከማስገባት በጥማድ አስገቡት (አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ነው የሚያዘው)፣ "በአንድ ጥማድ ሲጨምር" ብላችሁ ስትፅፉ የወረዳው ባለሙያም ሳይቀር ያነበዋል። የዚህ አማራጭ ችግር አንድ ነው፣ ግንኙነቱ ቀጥ ያለ መስመር ነው ብሎ ያስባል። እሱን ወደታች እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ከናንተ በፊት የታወቀ ከትኦፍ (መክፈያ መስመር) ያለው ነገር ነው። የልደት ክብደት ከ2,500 ግራም በታች፣ የህፃናት የክንድ ዙሪያ 11.5 እና 12.5 ሴንቲሜትር፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ተመዝኖ የሚወጣው ቁጥር) 18.5፣ 25፣ 30፣ ወባማ ቦታ ለማለት 2,000 ሜትር። እነዚህን መስመሮች እናንተ አላሰመራችኋቸውም፣ ሰው በነሱ ላይ ይወስናል፣ 11.4 የሆነ ልጅ ፕሮግራም ይገባል 11.6 የሆነው በዚያ መስመር አይገባም፣ ስለዚ በነሱ መክፈል ትርጉም አለው። ሌላ ቦታ ከተሰራ ጥናት ጋርም ትወዳደራላችሁ። በተለይ "ስንት ፐርሰንቱ?" ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የለም።

ግን የታወቀ ነው ተብሎ ዝም ተብሎ አይገለበጥም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኛ ሀገር ላይ በደንብ የሚነካ ነገር ነው። ለዓመታት በተሰራበት መስፈርት ነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢኗ ከ11 (ግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደም ማነስ አለባት ይባል ነበር። ይሄ 11 ግን ለባህር ወለል ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ያመርታል፣ ስለዚ የአለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ላይ ከተለካው ቁጥር የሚቀነስ ነገር አለ፣ ለዓመታት ሲሰራበት በነበረው ሰንጠረዥ ለ1,000 ሜትር 0.2፣ ለ2,500 ሜትር 1.3፣ ለ3,000 ደሞ 1.9። አሁን ሁለት ሴቶች እንበል፣ ሁለቱም 12.0 ተለኩ፣ አንዷ ሸዋሮቢት አንዷ ደብረ ብርሃን። የሸዋሮቢቷ 11.8 ትሆናለች፣ ደህና ናት። የደብረ ብርሃኗ 10.7 ትሆናለች፣ ደም ማነስ አለባት። ላብራቶሪው የሰጣቸው ወረቀት አንድ አይነት ቁጥር ነው! ይሄን ሳያስተካክል "ደጋው ላይ ደም ማነስ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ" ብሎ ዲስከሽን የፃፈ ልጅ አጋጥሞኛል፣ ያገኘው የአየሩን መሳሳት ነው። በፈረንጆቹ 2024 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) ደሞ ድርጅቱ የማስተካከያ ቁጥሮቹን ከልሷቸዋል፣ ስለዚ የቱን እንደተጠቀማችሁ ሜተድ ላይ ፃፉ፣ ያለዛ የናንተን ፐርሰንት ከዱሮ ጥናት ጋር ማወዳደር አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከትኦፍ ስላለ ብቻ ሪግሬሽኑም በሱ ይሰራ ማለት አይደለም። ፐርሰንቱን በከትኦፍ ሪፖርት አድርጉ፣ ምክንያቱን ስትፈልጉ ግን ሄሞግሎቢኑን ቁጥሩን እንዳለ ሊኒየር ሪግሬሽን ውስጥ ክተቱት። ሁለቱም አንድ ቴሲስ ውስጥ ይኖራሉ፣ ማንም አይከለክልም።

ሶስተኛው በሚዲያን (መሀል ላይ በሚወድቀው ቁጥር) ወይ በሚን (በአማካዩ) ሁለት ቦታ መሰንጠቅ ነው፣ ሀገራችን ላይ በብዛት የሚሰራው እሱ ነው፣ እኔ ደሞ ከሁሉም የምጠላው። መስመሩን ያሰመረው ሳምፕላችሁ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስለ ወባ አስር ጥያቄ ጠየቃችሁ፣ ሚኑ 5.8 መጣ፣ ስድስትና በላይ ያገኘ "ጥሩ እውቀት" ተባለ። ምንጃር ላይ ሌላ ልጅ በዛው መጠይቅ ሰርቶ ሚኑ 7.1 መጣለት፣ እሱ ጋ ስድስት ያገኘው ሰውዬ "ደካማ እውቀት" ነው። ሰውዬው አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ነው፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወረዳ ስለቀየረ መሀይም ሆነ። ከዛ ሁለቱ ልጆች "በኛ ጥናት 52% ጥሩ እውቀት ተገኘ፣ ከዚህኛው ጥናት ጋር ይመሳሰላል" ይላሉ፣ በሚንና በሚዲያን አካባቢ የከፈለ ሰው ሁሉ ወደ ግማሽ ቢጠጋ ምኑ ይገርማል።

ኪሳራውም በቁጥር የታወቀ ነው። ጃኮብ ኮኸን በ1983 እንዳሳየው ኖርማል የሆነን (ብዙው ሰው መሀል ላይ፣ ጥቂቱ ጫፍና ጫፍ ላይ የሆነበትን) ቫሪያብል ሚዲያን ላይ ስትሰነጥቁት ኮሪሌሽኑ (የግንኙነቱ ጥንካሬ) ከነበረው ወደ 80% ይወርዳል፣ ስኩዌር ሲደረግ 64% ነው። በሌላ አነጋገር ስንት ሰው ጋ በእግራችሁ ሄዳችሁ የሰበሰባችሁት 200 መጠይቅ በግምት እንደ 127 ነው የሚሰራላችሁ። የቀረው ሰባ ምናምን ሰው የአበል፣ የትራንስፖርት፣ የውሻ ንክሻ ስጋት ሁሉ ባከነ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው) ክሊክ።

ሌላ ደሞ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የእናት እድሜ ለወሊድ ችግር አደጋው በሁለቱም ጫፍ ነው፣ በጣም ልጅ ስትሆንና እድሜዋ ሲገፋ። ሚዲያኑ 27 ሆነ እንበልና እዛ ላይ ሰነጠቃችሁት፣ ግራው ቡድን ውስጥ የ16 ዓመቷ ልጅ አለች፣ ቀኙ ውስጥ የ43 ዓመቷ እናት አለች፣ ሁለቱ ቡድኖች እኩል አደጋ ይዘው ይመጣሉና ኦድሱ 1.0 አካባቢ ይወጣል። "እድሜ ግንኙነት የለውም" ተብሎ ይፃፋል። አለው እኮ! እናንተ ናችሁ ያጣፋችሁት።

አራተኛው ተርታይል ኳርታይል የሚባለው ነው፣ እኩል ሰው ባላቸው ሶስት ወይ አራት ቡድኖች መክፈል። ከሚዲያን በጣም ይሻላል። ኖርማል ለሆነ ቫሪያብል እኩል ሰው ባላቸው ቡድኖች ስትከፍሉ የሚተርፈው መረጃ ለሁለት ቡድን 64%፣ ለሶስት 79%፣ ለአራት 86%፣ ለአምስት 90% ነው። ከሁለት ወደ ሶስት ያለው ዝላይ ትልቅ ነው፣ ከዛ በኋላ ቀስ ይላል፣ ስለዚ የግድ መክፈል አለብህ ከተባላችሁ ቢያንስ ሶስት ቢቻል አምስት አድርጉት። (ሶስት ላይ ትንሽ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው እኩል መክፈል ሳይሆን 27% 46% 27% አድርጎ መሀሉን ማስፋት ነው፣ ኮክስ በ1957 ያወጣው ነገር ነው፣ ግን ይሄን ለኮሚቴ ማስረዳት ስለሚከብድ እኔ አልጨቀጭቃችሁም።) እድሜ ኮንፋውንደር (የምትፈልጉትን ግንኙነት የሚያዛባ ሌላ ነገር) ብቻ ሆኖ ከገባም አምስት ቡድን ያንን መዛባት 90% ያህል እንደሚያነሳ ኮክራን በ1968 አሳይቷል፣ ሁለት ቡድን ካደረጋችሁት ግን "ለእድሜ አስተካክያለሁ" ማለታችሁ ግማሽ እውነት ነው።

ችግሩ የኛ ዳታ ለኳርታይል አይመችም። ገበሬ መሬቱን በጥማድ ነው የሚነግራችሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት። 200 ገበሬ አላችሁ እንበል፣ 30ው አንድ ጥማድ፣ 75ቱ ሁለት፣ 20ው ሶስት፣ 55ቱ አራት፣ 20ው ከዛ በላይ። ስታታን (እሱም ሶፍትዌር ነው) ኳርታይል አውጣ በሉት፣ የሚሰጣችሁ 105፣ ባዶ፣ 75 እና 20 ነው። ሁለተኛው ኳርታይል የለም! ሁለት ጥማድ ያላቸውን ለሁለት መሰንጠቅ አይችልማ። እንዲ አይነት ነገር ሲመጣ ኳርታይሉን ተዉትና ቁጥሩን እንዳለ ተጠቀሙ፣ ወይ ሰዉ ራሱ በሚናገርበት በጥማዱ ክፈሉት።

የሀብት ደረጃ ኩዊንታይልም (አምስት እኩል ቡድን) ያው ነው፣ "ሀብታም" የሚለው ቡድን ከናንተ ሳምፕል ውስጥ ሀብታም ማለት ነው። መንዝ ገጠር ላይ የወጣው አንደኛ ሀብታም ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ቢገባ ምን ደረጃ እንደሚሆን አታውቁም፣ ስለዚ ሁለቱን ጥናት ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

አምስተኛው እኩል ስፋት ነው፣ በየአምስት ዓመቱ፣ በየ500 ሜትሩ። ለሂስቶግራምና ለገለፃ ቴብል ጥሩ ነው። ለገቢ ግን አይሆንም፣ አንድ ነጋዴ ከገባ አንደኛው ሳጥን ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል።

ስድስተኛው ፒ ቫልዩ እስኪመጣ ድረስ መስመሩን ወዲያ ወዲህ ማድረግ። ማንም እንደዚህ ነው የምሰራው አይልም፣ ግን ይሰራል። በ30 ሞከረው፣ 0.09። በ35 ሞከረው፣ 0.06። በ32 ሲሆን 0.03፣ በቃ 32 "ከዚህ በፊት በተሰራ ጥናት መሰረት" ተብሎ ይገባል። ሶፍትዌርም የሚሰራላችሁ አለ፣ "ምርጥ ከትኦፍ" ፈልግ ስትሉት ትንሿን ፒ ቫልዩ ይዞ ይመጣል። በ1994 አልትማንና ጓደኞቹ እንዳሳዩት በዚህ መንገድ ስትሄዱ ምንም ግንኙነት በሌለበት ቦታ ግንኙነት አለ የማለት እድላችሁ 5% መሆኑ ቀርቶ እስከ 40% ይደርሳል። እኔ ይሄን አልረዳም፣ ሻይ ግዙልኝ ምሳ ግዙልኝ አልረዳም። ለምርመራ መሳሪያ ከትኦፍ መፈለግ ሌላ ነገር ነው፣ እሱም ቢሆን ያገኛችሁትን መስመር ሌላ ዳታ ላይ ሳትሞክሩት አትመኑት።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ጋ ስንመጣ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ካልሆነ ምን ይደረጋል ነው። የእናት እድሜ አይነቱ ማለት ነው። ያኔም መፍትሄው መክፈል ሳይሆን መስመሩ እንዲታጠፍ መፍቀድ ነው። ቀላሉ እድሜን ራሱንና እድሜ ስኩዌርን አንድ ላይ ማስገባት ነው፣ ኤስፒኤስኤስ ላይ ኮምፒዩት ብላችሁ በአንድ ደቂቃ ትሰሩታላችሁ። የተሻለው ስፕላይን ነው፣ መስመሩ የሚታጠፍባቸውን ጥቂት ነጥቦች ትሰጡታላችሁ፣ አራት ከሆነ በተለምዶ 5ኛው፣ 35ኛው፣ 65ኛውና 95ኛው ፐርሰንታይል ላይ ይደረጋሉ፣ ስታታም አር የሚባለው ሶፍትዌርም ይሰሩታል። ኦድስ ሬሺዮ አንድ ቁጥር ሆኖ አይወጣም፣ ግራፍ ነው የሚወጣው፣ ዲፌንስ ላይ ግራፉን ስታሳዩ ደሞ "ይሄ ምንድነው" የሚል ኤግዛሚነር አይጠፋም። እኔ የምመክረው ዋናውን ውጤት በግራፍ፣ ለቴብል ደሞ ከግራፉ ላይ የ18፣ የ27 እና የ40 ዓመቷን አንብቦ ማስቀመጥ ነው። በዚህ ዘዴ ያለፉ ልጆች አሉ።

አድቫይዘሩ እምቢ ካለስ? ይሄ በጣም የተለመደ ነው። "የኛ ዲፓርትመንት ፎርማት ካቴጎሪ ነው" ይባላል። ከሳቸው ጋር አትጣሉ፣ መስመሩን ዳታው ከመምጣቱ በፊት ፕሮፖዛሉ ላይ ፃፉት፣ ቢያንስ ሶስት ቡድን ይሁን፣ ቁጥሩን እንዳለ የሰራችሁትንም አባሪ ላይ አስገቡ። ሁለቱ ተመሳሳይ ነገር ካሉ ሰላም ነው፣ ካልተስማሙ ደሞ ያኔ አድቫይዘሩም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ያያል።

መስመሩ የት ላይ ይረፍ ለሚለው አንድ ሜዳ ላይ ያየሁት ነገር ልንገራችሁ። ላሎ ማማ ላይ አንዲት እናት እድሜያቸውን ስጠይቃቸው "እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፣ ደርግ ሲወድቅ ኮረዳ ነበርኩ፣ አርባ አምስት በለው" አሉኝ፣ ፃፍኩ። በዛ ቀን ከፃፍኳቸው እድሜዎች አብዛኛዎቹ በዜሮ ወይ በአምስት ያልቃሉ። እና እንዲ አይነት ዳታ ላይ "እስከ 45" እና "ከ45 በላይ" ብትሉ፣ ወይ "ከ45 በታች" እና "45ና በላይ" ብትሉ፣ የአንዲት ቃል ለውጥ ብዙ ሰው ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ሰው የሚከመርበት ቁጥር ቡድኑ መሀል ላይ እንዲወድቅ አድርጉ፣ 43–47 አይነት፣ ጠርዙ ላይ አታስቀምጡት። ለቴብል አያምርም፣ ግን የ44ቱም የ46ቱም ሰው "አርባ አምስት በለው" ያሉት እናት ጎረቤት ሆኖ ይቀመጣል።

የልደት ክብደትም እንደዛው ነው፣ ሚዛኑ ላይ ብዙ 2,500 ይፃፋል። ዝቅተኛ ክብደት ማለት ከ2,500 በታች ነው፣ 2,500 ራሱ አይገባም። አር ላይ ካት በሚለው ትዕዛዝ ምንም ሳትነኩ 2,500 ላይ ከከፈላችሁት ግን የቀኙን ጠርዝ ስለሚያስገባ 2,500 የሆኑትን ሁሉ ዝቅተኛ ክብደት ያደርጋቸዋል። የስታታው ኢጀን ካት ደሞ የግራውን ጠርዝ ነው የሚያስገባው፣ እሱ ጋ ልክ ይመጣል። አንድ ዳታ፣ ሁለት ሶፍትዌር፣ ሁለት ፐርሰንት። ኤስፒኤስኤስ ላይ ደሞ ወደ አዲስ ቫሪያብል ሪኮድ ስታደርጉ 18.5 እስከ 24.9፣ 25 እስከ 29.9 ብላችሁ ከፃፋችሁ ቢኤምአይው 24.95 የሆነ ሰው ከሁለቱም ውጪ ነው፣ ምንም ሳይናገር ሚሲንግ ያደርገዋል። ከሪኮድ በኋላ ፍሪኩዌንሲ አውጡና የሚሲንጉን ቁጥር ከበፊቱ ጋር አስተያዩት፣ 384 ሰው ጠይቃችሁ ቴብሉ ላይ 377 ከሆነ ሰባቱ እዛች ክፍተት ውስጥ ናቸው።